ለአንድ ሽጉጥ ሦስት አፎት

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሐና የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሽጉጥ አፎቶች ተደርድረው ነበር። ሦስቱም ከአንድ የበሬ ቆዳ የተቆረጡ፣ ሦስቱም ለአንድ ሽጉጥ የተሠሩ፣ ሦስቱም ልክ የሆኑ፣ ሦስቱም የተመለሱ ናቸው። የመጀመሪያው «ጠበበኝ» ተብሎ ተመለሰ። ሐና ሜትሯን ዘርግታ ብትለካው በሽጉጡና በቆዳው መካከል የማሽላ ፍሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ፤ ቢሆንም አልተከራከረችም፣ ሰፋ አድርጋ ሁለተኛውን ሠራች። እሱ «ከፍ አለብኝ» ተብሎ መጣ። አፎቱ እንዲወርድ የቀበቶ ማሳለፊያውን በሁለት ጣት ወደ ላይ ወስዳ ሦስተኛውን ሰፋች። ሦስተኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ በአሮጌ ፌስታል ተጠቅልሎ በባጃጅ ሹፌር እጅ ደረሳት። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «ይቆረቁራል ብለውሻል» አላትና ሄደ። ከጠረጴዛው በላይ በቀርከሃው ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ደግሞ አራተኛ አፎት ተንጠልጥሏል፤ የሽጉጡ ባለቤት፣ የባሏ አባት አቶ ፈንታው ከፍየል ቆዳ በጆንያ መስፊያ መርፌ በገዛ እጃቸው የሰፉት። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ሐና ወስፌዎቿን ታስቀምጥበታለች።

ሱቁ ከአሶሳ ገበያ ጀርባ ነው፤ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቀርከሃ። ሐና እዚህ ቀበቶ፣ ሰንደልና የተማሪ ቦርሳ ትሰፋለች። ቀበቶ ላይ የምትበሳቸው ቀዳዳዎች ርቀታቸው እኩል ካልሆነ፣ ደንበኛው ልብ ባይለው እንኳ፣ አትሸጠውም፤ ቆርጣ የቁልፍ መያዣ ታደርገዋለች። የሽጉጡን ልክ የጻፈችበት ደብተር ከማስቲሹ ጣሳ አጠገብ ተዘርግቷል። ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቶቹ የሚገቡበት ክብ ከበሮ መሐሉ ላይ ያበጠ፣ አሮጌ፣ ፈቃድ ያለው። ጠቅላላ ርዝመቱ ሃያ ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር፤ አፈሙዙ አሥር፤ የከበሮው ውፍረት ሦስት ነጥብ ስምንት። ሽጉጡን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በእርሳስ ነድፋለች። ቆዳውን አርሳ፣ ሽጉጡን በላስቲክ ጠቅልላ ከውስጥ አስገብታ፣ ቅርጹን እስኪይዝ በማንኪያ ጀርባ አሽታዋለች። ሦስት ጊዜ። እሑዶቿ ሁሉ በዚህ አለቁ። አንዲት አስተማሪ ለሰንደሏ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አፎቶቹን ቆጥራ፣ «ጦርነት ልትከፍቺ ነው?» ብላት ሄዳለች።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ፣ በቀብር ላይ ነው። አቶ ፈንታው የሚኖሩት ሰፋሪዎች ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ ስም ሳይወጣለት በቁጥር በሚጠራው አምባ ዘጠኝ ነው። በዚያ ቀን አፈር ሊመልሱ ጎንበስ ሲሉ የፍየል ቆዳው አፎት ተተረተረና ሽጉጡ ወድቆ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። አልተኮሰም። ግን ሙሾ የምታወርደው ሴት ሳትቀር ልቅሶው ለአፍታ ጸጥ አለ። በሳምንቱ የእህል ማኅበሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ወሰነ፤ የመጋዘኑ ጥበቃ የሚሠራም ሆነ ሊሠራ የሚፈልግ ሁሉ ፈቃዱንና መሣሪያውን በሚገባ በተሰፋ አፎት ይዞ ዛሬ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ደጅ ይቀርባል። በኮሚቴው ፊት ያወጣል፣ ጥይቱን ያራግፋል፣ መልሶ ያጎርሳል፣ ይከትታል። እጁ የከዳው ሰው መሣሪያውን ለሚሊሻ ጽሕፈት ቤት አስረክቦ ይሰናበታል። አቶ ፈንታው መጋዘኑን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ቦታውን የሚፈልገው ቶሌራ የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አለ። ደመወዙ ያን ያህል አይደለም፤ የመጋዘኑ ደጅ ላይ ያለችው ወንበር ግን የአቶ ፈንታው ናት። መንደሩ ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ሰላም የሚላቸው እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ወንበሯ ከሄደች ከጓሮአቸው ሌላ የሚቀመጡበት የላቸውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ሰራዊት ነው፤ ማንኩሽ መንገድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይነዳል።

«ሐንዬ፣ አባቴ ዛሬ ነው አይደል የሚቀርበው?»

«ዛሬ ነው።»

«በቃ የሚልሽን ብቻ ሥሪለት፤ አታስቀይሚው። ሽማግሌ ነው።»

«የሚሉኝን እኮ ነው ሦስት ጊዜ የሠራሁት። ጠበበኝ አሉ፣ አሰፋሁ። ከፍ አለ አሉ፣ ዝቅ አደረግኩ። አሁን ደግሞ ይቆረቁረኛል ይላሉ፤ የት ጋ እንደሚቆረቁራቸው እንኳ...»

መስመሩ ተቋርጧል። ማንኩሽ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋው የሰራዊት ተራ አልቆ የእሷ ሲጀምር ነው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለቱም መጡ። አቶ ፈንታው ቆርቆሮው በሙቀት እየተንጣጣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የወርቅውሃ በአንድ እጃቸው ጥላ፣ በሌላው አንድ ፌስታል ማንጎ ይዘው ከኋላ ተከተሏቸው። ሐና ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች፤ ወንበሩን ለአቶ ፈንታው፣ የቆዳ ቁራጭ የሞላበትን ጆንያ ለእማማ ሰጠች። ጤና ተጠያየቁ፣ የዝናቡ ነገር ተነሣ፣ የዘንድሮ ማንጎ ትል እንደበዛበት ተባለ፣ ከዚያ ዝም ተባባሉ። በአራት ሳምንት ውስጥ ይህ አራተኛው ዝምታ ነው። ሐና መልኩን ታውቀዋለች፦ አቶ ፈንታው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አፎቶች በጎን ያያሉ፣ እማማ ጣሪያውን ያያሉ፣ እሷ ደብተሯን ታያለች። አማት ፊት ድምፅ አይነሣም። ሐና በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በኖረችባቸው ስድስት የትዳር ዓመታት ከአቶ ፈንታው ጋር አንድ ቀን ክፉ ደግ ተባብላ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ጥርሷ እርስ በርሱ እየተፋጨባት ነው።

ዝምታውን የሰበረችው ሳሊማ ናት። ከጎን ባለው ሱቅ ከርከዴና ደረቅ ባሚያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ቀርከሃ ደግሞ ድምፅ አይከለክልም።

«ያ ሐና! ሽማግሌ ዛሬም መጣች?»

«መጥተዋል ሳሊማ፤ ግቢ ሰላም በያቸው።»

ሳሊማ በበሩ አንገቷን አስግጋ ሦስቱን አፎት አየችና ሳቀች። «ወላሂ ይህ ሽጉጥ ከሙሽራ በለጠች። ሙሽራ እንኳ ሦስት ቀሚስ አይሰፋለትም!»

አቶ ፈንታው ፈገግ አላሉም። «ቆዳው ነው» አሉ። «የባምባሲ ቆዳ ድርቅ ያለ ነው። አይታዘዝም።»

ሐና አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው። ቆዳው ከባምባሲ መምጣቱ እውነት ነው፤ ግን ከሱቋ ካለው ሁሉ ምርጡ እሱ ነበር፣ ለባለሥልጣን ቀበቶ ያስቀመጠችው። ሦስተኛውን አፎት አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። የሚቆረቁር ነገር የለም። ጠርዙን በመስታወት ስባሪ ፍቃ በሰም አሽታዋለች። አፎቱን አስቀምጣ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«አባባ፣ ዛሬ ሽጉጡን አልለካም። እርስዎን ነው የምለካው።»

«እኔን?»

«ልብስ ሰፊ ሰውየውን እንጂ ጨርቁን አይለካም። እኔ ወር ሙሉ ጨርቁን ስለካ ከረምኩ። እባክዎን ጥይቱን ያውጡልኝና አፎቱን ይታጠቁ።»

አቶ ፈንታው ባለቤታቸውን አዩ። እማማ ጣሪያውን እያዩ ነው። ተነሡና እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥይት ሲያወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ሐና ለጥንቃቄ አፈሙዙን ከሰው እያሸሹ ነው ብላ በልቧ ታመሰግናቸው ነበር። ስድስት ጊዜ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ዞረው ስድስቱን ጥይት የቦርሳ ቁልፎች የምታስቀምጥበት የጣሳ ክዳን ላይ አፈሰሱላት። ሐና አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ከዚያ ሽጉጡን ተቀብላ ስድስቱንም ጎድጓዶች አየች። ባዶ ናቸው፤ መልሳ ሰጠቻቸው።

አፎቱን በቀበቷቸው አሳልፈው በቀኝ ጎናቸው ታጠቁ። ሐና የስልኳን ሰዓት ከፈተች። «እዚያ እንደሚያደርጉት አድርገው ያውጡልኝ፣ ከበሮውን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ይክተቱ።»

ቀኝ እጃቸው ወረደ። ክርናቸው ወደ ውጭ ወጣ፣ አንጓቸው ታጠፈ፣ ትከሻቸው ከፍ አለ። ከላይ ያለችውን ጠፍር ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሽጉጡ ሲወጣ ከሌላ ሰው ኪስ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ይመስሉ ነበር። ከበሮውን ሊከፍቱ ሲሉ ሽጉጡን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት፣ መለሱት፣ እንደገና አዛወሩት። ሲከቱ አፈሙዙ የአፎቱን አፍ ሁለት ጊዜ ሳተው። ሃያ አንድ ሰከንድ።

«እንደገና» አለች ሐና።

ሃያ ሦስት ሰከንድ። ግንባራቸው አላበው።

ሐና ደብተሯ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፈች። ይህን የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ዱሬሳ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ታውቃለች። «እጃቸው ደክሟል» ነው የሚሉት፤ በትሕትና፣ ዓይናቸውን ሰብረው። ግን እኚህ ሰው ባለፈው መስከረም የሰራዊትን ጣሪያ ብቻቸውን መሰላል ላይ ቆመው የመቱ ሰው ናቸው። እጃቸው አልደከመም። አንድ ነገር አለ፤ እሷ ያላየችው።

ሜትሯን ልታነሣ ስትዞር ክርኗ የጣሳውን ክዳን መታው። ክዳኑ ተገለበጠ፣ ቁልፎቹ ተበተኑ፣ ጥይቶቹ በጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። አንዱ ጠርዙን አልፎ ወደቀ። ወለሉ ላይ ግን አልደረሰም። የአቶ ፈንታው ግራ እጅ ከካፖርቱ ሥር እንደ እባብ ወጥቶ አየር ላይ ቀለበው፤ ዓይናቸው እንኳ አልተከተለውም። ያው እጅ ሁለተኛውን ከጠርዙ ላይ ጠረገው፣ ሦስተኛውን አቆመው። ከዚያ እጁን እንደማያውቁት ሰው አዩት። ቀስ ብለው ጥይቶቹን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ከሳሊማ ሱቅ ሚዛን ላይ ባሚያ ሲፈስ ይሰማል። ሐና ቀና ብላ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን የፍየል ቆዳ አየች። አወረደችው፤ ወስፌዎቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰች፤ በመዳፏ ላይ አስተኝታ ገለበጠችው። ለወር ያህል በየቀኑ እጇን ስትከትበት ኖራለች። ስፌቱን ስታይ «የጆንያ ስፌት!» ብላ ስቃበታለች፣ ለአስተማሪዋም አሳይታ አስቃበታለች፤ የቀበቶ ማሳለፊያው በየትኛው ፊት እንደተሰፋ ግን አንድ ቀን አላየችም። የተሰፋው እሷ ከሰፋችበት በተቃራኒው ፊት ነው። ይህ አፎት በቀኝ ጎን ቢታጠቁት የሽጉጡ እጀታ ወደ ፊት ይዞራል። በግራ ሲሆን ብቻ ነው በቦታው የሚቀመጠው። ካፖርቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ማንም የየትኛው ጎን እንደሆነ አያይም።

«አባባ» አለች፤ ድምጿን ዝቅ ለማድረግ ታገለች፤ «ወር ሙሉ መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ሽጉጥ የሚይዙት በየትኛው እጅዎ ነው?»

«ሰው በየትኛው ይይዛል?»

«በግራው» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ከጆንያው ላይ።

«አንቺ ሴትዮ!»

«ምን አንቺ ሴትዮ ትለኛለህ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። የልጅቱ ቆዳ እኮ አለቀ።»

ሐና ወደ አማቷ ዞረች። «እማዬ... ያውቁ ነበር?»

«እንጨት ሲፈልጥ ልጆቹን ሁሉ ከጓሮ የሚያባርረው ለምን ይመስልሻል? ፍላጩ እንዳይመታቸው?»

«ታዲያ ሦስት አፎት ስሰፋ፣ እዚሁ ተቀምጠው እያዩ...»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እማማ፤ ማንጎ አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

ሐና ሦስቱን አፎት አንድ ላይ ሰብስባ አንሥታ መልሳ ጣለቻቸው። ጩኸት ሊሆን የሚችል ትንፋሽ በአፍንጫዋ አስወጣች። አቶ ፈንታው አልተቀመጡም። ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ፈቱት፣ እንደገና ቆለፉት። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለቀርከሃው ግድግዳ ተናገሩ። ወሎ እያሉ፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በግራቸው ሲጎርሱ ባየቻቸው ቁጥር እናታቸው እጃቸውን በመቀነቷ ከወገባቸው ጋር ታስርባቸው ነበር። የቄስ ትምህርት ቤትም ያው፣ አለንጋ ብቻ ተጨመረበት። መብላት ተማሩ፣ መጻፍ ተማሩ፣ መጨበጥ ተማሩ። ፈንጣጣ እንደወጣለት ፊት የሚያሳፍር ነገር ሆኖባቸው እዚህ አገርም ይዘውት መጡ። «መጥረቢያና ሽጉጥ ብቻ እምቢ አለኝ» አሉ። «ሌላው ታዟል።»

«እሺ» አለች ሐና። «ሥራው ትንሽ ነው። ማሳለፊያውን ፈትቼ በዚያኛው ፊት እሰፋዋለሁ። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ይደርሳል።»

«ተይው። በቀኝ ይሁን። እለምደዋለሁ።»

«በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ?»

«ዱሬሳ ፊት በግራዬ አላወጣም። አብሮኝ ከወሎ የመጣው በቃሉ አለ እዚያ። ሚስቶቻቸው አሉ። ልጆች አሉ። ነገ መንገድ ላይ ስሜ ምን ይሆናል?»

ሐና ሜትሯን በጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። ለአማት የሚባልና የማይባል አለ፤ ስድስት ዓመት ያላለፈችው መስመር እግሯ ሥር ሆኖ ይታያታል። የቀራት ክርክር ቁጥር ብቻ ነው። ደብተሩን አዙራ ፊታቸው ላይ አደረገችው። «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት» አለች። «በዚህ ከሄዱ ወንበሩ የቶሌራ ነው።»

አቶ ፈንታው ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። የተናገሩት ወይዘሮ የወርቅውሃ ናቸው፤ ዓይናቸውን ከማንጎው ሳያነሡ። «እጁ ደከመ ይበሉህ ወይስ ግራኝ ይበሉህ? አንዱን ምረጥ። ደከመ ካሉህ ግን እውነት አይደለም።»

ከቀርከሃው ወዲያ ሳሊማ ድምጿን ቀነስ አድርጋ ጣልቃ ገባች። «እኛም ጋ ግራ እጅ ለእንግዳ አይሰጥም፣ ያ አባባ። ግን እሱንም አላህ ነው የሰጠህ። ትርፍ አልሰጠም፤ ሁለት ብቻ ነው።»

አቶ ፈንታው የታጠቁትን አፎት ፈቱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ይህም መልስ መሆኑን ሐና አወቀች፤ ከዚህ የበለጠ እንደማይመጣም።

ሥራው ከተፈራው ያነሰ ነበር፤ ያበገናትም ይኸው ነው። የአፎቱ ሁለት ፊት እኩል ታሽቶ ቅርጽ የያዘ ስለሆነ አዲስ ቆዳ አልተቆረጠም። የቀበቶ ማሳለፊያውን አሥራ ስምንት ስፌት በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ አወጣች። የጠፍሯን ስምንት ስፌት ጨምራ ፈታች። ጠቅላላ ሃያ ስድስት። አፎቱን ገለበጠችው፣ በእርሳስ ምልክት አደረገች፣ በወስፌ በሳች፣ በሰም ያሸችውን ክር በሁለት መርፌ አመላልሳ ሰፋች። ወር፣ ሦስት አፎት፣ ምርጡ ቆዳ፣ አራት እሑድ፣ የአስተማሪዋ ሰንደል፤ ሁሉም በሃያ ስድስት ስፌት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያውንም ቢሆን ገልብጣ ብትሰፋው በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። እየሰፋች በልቧ የምትቆጣውን ሰው ስትፈልግ ቆየች፤ አቶ ፈንታውን አሰበች፣ እማማን አሰበች፣ ሰራዊትን አሰበች፤ በመጨረሻ ወስፌዎቿ በተበተኑበት ቦታ ባዶውን የፍየል ቆዳ አየችና መፈለጉን ተወች። የጆንያ ስፌት ያለችው ሥራ ከእሷ ሦስት አፎቶች አንድ ነገር ይበልጥ ነበር፤ የሰፉት ሰውየው ባለቤቱን ያውቃሉ።

አምስት ሰዓት ላይ አቶ ፈንታው በግራ ጎናቸው ታጠቁት። ሐና ከቀበቶው የላይ ጠርዝ እስከ እጀታው ጫፍ ለካች፤ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። «ይሞክሩት» ብትላቸው «እዚያው» አሉ። ሊሞክሩት እንደፈለጉ ግን ጣቶቻቸው ያሳብቁ ነበር።

ሱቁን ለሳሊማ አደራ ብላ፣ ክርና መርፌ በቦርሳዋ ይዛ፣ አብራቸው በባጃጅ ሄደች፤ አንድ ነገር ቢፈታ እዚያው እሰፋዋለሁ ብላ ነው። መንገዱ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀ። ትናንት የዘነበው ዝናብ አባጣ ጎርባጣውን ሞልቶታል። እማማ በመሐል ተቀምጠው ማንጎ ይልጣሉ፤ ሹፌሩም ደረሰው።

ኮሚቴው የተቀመጠው ከመጋዘኑ ደጅ፣ ማንጎ ዛፉ ሥር ነው። አቶ ዱሬሳ ዝርዝሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ከጎናቸው አቶ በቃሉ አሉ፤ ከአቶ ፈንታው ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ወደዚህ አገር የመጡ ሰው ናቸው። ዙሪያውን ሰላሳ ያህል ሰው ቆሟል። የመጋዘኑ ወንበር ባዶዋን ናት። ቶሌራ ቀድሞ ተጠራ። ከከተማ የተገዛ ጥቁር የናይለን አፎት ታጥቋል። አወጣ፣ አራገፈ፤ ሲያጎርስ አንድ ጥይት አምልጦት አንሥቶ አፈሩን በሱሪው ጠረገ፤ ከተተ። ሐና በስልኳ ለካች፤ አሥራ አራት ሰከንድ። ማንም አልሳቀበትም፣ ጥሩ ልጅ ነው።

«አቶ ፈንታው።»

ተነሡ። ካፖርታቸውን ፈቱ፤ በሰው ፊት ሲፈቱት ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነበር። አውልቀው ለእማማ ሰጡ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ወደ ላይ ተነሣ፣ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ወርዶ ጎናቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ ግራው ተነሣ። ጠፍሯ አንዴ ጠቅ አለች። ሽጉጡ ወጣ፣ ከበሮው ተከፈተ፣ ስድስቱ ጥይት በቀኝ መዳፋቸው ላይ ወረደ፣ ተመልሶ ገባ፣ ከበሮው ተዘጋ፣ ሽጉጡ ወደ ቤቱ ገባ። ያንን ሲያደርጉ ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው አይመስሉም ነበር።

«ፈንታው!» አሉ አቶ በቃሉ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «አንተ ግራኝ ነህ እንዴ?»

«ከተወለድኩ።»

«አርባ ዓመት በአንድ ትሪ ስንበላ!»

«የምበላውማ በቀኜ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። የአንዳንዱ ሳቅ ደግ ነበር፣ የአንዳንዱ አልነበረም፤ ከኋላ አንድ ልጅ «ግራኙ!» ሲል እናቱ ስትቆነጥጠው ተሰማ። የአቶ ፈንታው ጆሮ ቀላ፤ ዓይናቸውን ግን ከአቶ ዱሬሳ ላይ አላነሡም። አቶ ዱሬሳ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ። «አፎት ይላል» አሉ። «ፈቃድ ይላል። ጥይት አራግፎ ይላል። ስለ ቀኝ የተጻፈ ነገር የለም።» እስክሪብቶ አውጥተው ከአቶ ፈንታው ስም ፊት ምልክት አደረጉ። አቶ ፈንታው በቀኝ እጃቸው ፈረሙና ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሐና ስልኳን አየች። ዘጠኝ ሰከንድ። ለሰራዊት ልትደውል አሰበችና ተወችው፤ ኔትወርኩ የእሷ ተራ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ባጃጁ ሲጠብቃት ልትሰናበታቸው ወደ ወንበሯ ሄደች። አቶ ፈንታው ካፖርታቸውን አልለበሱም፤ ተጣጥፎ ጉልበታቸው ላይ ነው። እጇን ይዘው መረቋት፤ እጅሽ አይንጠፍ፣ ቆዳ አይጣሽ፣ ልጅ ይስጥሽ አሏት። ከዚያ ወደ ግራ ጎናቸው ጎንበስ ብለው አፎቱን ነካ ነካ አደረጉት።

«ግን ልጄ» አሉ፤ «ትንሽ ከፍ አላለም?»

ሐና ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣች። አቶ በቃሉም ቶሌራም እያዩ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከችና ከቀበቶው የላይ ጠርዝ እስከ እጀታው ጫፍ ለካች። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ጠዋት ሱቅ ውስጥም ዘጠኝ ነበር።